የበሽተኛ ሒሳብ

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ገቢና ወጪ እመዘግባለሁ፣ አመሳክራለሁ፣ ያልገጠመውን ፈልጌ አገኛለሁ። አመሌ ቤት ድረስ ይከተለኛል። ሰው ሲታመምብኝ ደብተር አወጣና አምስት ዓምድ አሰምራለሁ፦ ሰዓት፣ ሙቀት፣ መድኃኒት፣ የጠጣው፣ ሽንት። ባለቤቴ «ደግሞ ኦዲት ጀመርሽ?» ይለኛል። ይበል! ሌሊት ላይ እንቅልፍና ድንጋጤ ተደራርበው «ክኒኑን የዋጠው ስንት ሰዓት ነበር?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱ የሚገኘው እዚያው ደብተር ላይ ነው።

ሰሞኑን አንድ የቫይረስ ትኩሳት ቤታችንን በተራ አዳረሰው። መጀመሪያ ባለቤቴን ጣለው፣ ከዚያ የሰባት ዓመት ልጃችንን፣ በመጨረሻ እኔን። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚህ ሁሉ ምዝገባ በኋላ አንድ አቋም ይዣለሁ። ሁሉም ሰው የሚጨነቅበት የሙቀት ዓምድ ከአምስቱ ብዙም የማይነግረኝ እሱ ነው። ሰውዬው ምን ያህል ጠጣ፣ ምን ያህል ሸና፣ ሲያናግሩት እንዴት መለሰ የሚለው ይበልጥብኛል።

ቢሆንም ከሙቀቱ ልጀምር፤ ያለ እሱ አይሆንም። እጅን ግንባር ላይ አድርጎ መገመት ብዙ አያስኬድም። በተለይ የራስ እጅ ቀዝቃዛ ከሆነ ሰው ሁሉ ያተኮሰው ይመስላል። እኛ ቤት ያለው በብብት የሚለካ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። በብብት ሲለካ በአፍ ከሚለካው በግማሽ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። በአፍ የሚለካ ሰው ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ጥሩ ነው። በየትም ይለካ፣ ዋናው ቦታውንና መሣሪያውን አለመቀያየር ነው። ጠዋት በብብት ማታ በጆሮ ከተለካ ቁጥሮቹ አይነጻጸሩም።

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ትኩሳት ይባላል። «ጤነኛ ሰው 37 ነው» የሚለው ቁጥር የጸናው እ.ኤ.አ. በ1868 መጽሐፉን ባሳተመው በጀርመናዊው ሐኪም በካርል ቩንደርሊኽ ነው። ወደ 25,000 የሚጠጉ ሕሙማንን ሙቀት መዝግቦ ነው እዚያ የደረሰው። (ደብተር ያዥ በመሆኑ ብቻ ወድጄዋለሁ።) በሱ ዘመን የነበረው ቴርሞሜትር ረጅምና ዘገምተኛ ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ክሊፎርድ ኦልበት በአምስት ደቂቃ የሚለካ አጭር ቴርሞሜትር እስኪያመጣ ድረስ አንዱን ሰው ለመለካት 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። የኔው በሰከንዶች ውስጥ ጢጥ ሲል አመሰግናለሁ።

ሌላው ማወቅ ያለብን የጤነኛ ሰው ሙቀትም ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ነው። ሊነጋጋ ሲል ዝቅ ይላል፣ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ከፍ ይላል። ትኩሳትም ይህንኑ ይከተላል። ስለዚህ ጠዋት 37.8 የነበረው ማታ 38.9 ቢሆን «ባሰበት» ብሎ መርበትበት አያስፈልግም። ሲመሽ ትኩሳት ይነሳል፤ ያለ ነው።

የባለቤቴ የመጀመሪያ ማታ እንዲህ ነበር። ከሥራ ሲመጣ ጀርባውንና ጉልበቱን ቆረጠመኝ አለ። ራት አልፈልግም አለ። እሱ ራት አልፈልግም ካለ ነገር አለ ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ሌላ ብርድ ልብስ ጨምሪልኝ» ይላል። ግንባሩ ይፋጃል፣ የእግሩ ጣቶች ግን ቀዝቅዘው ገርጥተዋል። ቴርሞሜትሩ 38.4 አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 39.2።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል የሙቀት መቆጣጠሪያ አለ። ቫይረስ ሲገባ የመከላከያ ሕዋሳት ኬሚካላዊ መልእክት ይለቃሉ። በዚያ ምክንያት ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የሚባል ንጥረ ነገር ይመረትና መቆጣጠሪያው ልኩን ከፍ ያደርገዋል፤ 39 ብሎ ይወስናል እንበል። ሰውነቱ ገና 37 ላይ ስለሆነ ይበርደዋል። ጡንቻው እየተንቀጠቀጠ ሙቀት ያመርታል። የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል። አዲሱ ልክ ላይ ሲደርስ ብርዱ ይተወዋል። በኋላ መቆጣጠሪያው ልኩን ሲመልሰው ደግሞ ሰውነቱ ትርፉን ሙቀት በላብ ያስወጣል።

ይህን ማወቄ ብርድ ልብሱ ላይ የምንጨቃጨቀውን ቀነሰው። ሲንዘፈዘፍ አንድ ብርድ ልብስ እጨምርለታለሁ። መንዘፍዘፉ ሲቆም ወዲያው አነሳዋለሁ። ስስ ልብስና አንሶላ ይበቃል። በስድስት ልብስ ጠቅልሎ «ላብ ይውጣለት» ማለት ሙቀቱን አፍኖ ማቆየት ነው። በቀዝቃዛ ውኃ መንከርም አይረዳም። መቆጣጠሪያው ልኩን ስላልቀየረ ሰውዬው ይብስ ይንቀጠቀጣል። ገላን በአልኮል ማሸት ደግሞ በተለይ ለልጆች አደገኛ ነው፤ በቆዳም በትንፋሽም ገብቶ ይመርዛል። ግንባር ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ደስ የሚለው ሰው ካለ ይደረግለት፤ ጉዳት የለውም፣ ትኩሳቱንም ብዙ አያወርድም።

አሁን መድኃኒት። ፓራሲታሞል የሚሠራው ያንን ፕሮስታግላንዲን በመቀነስ ነው። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በምንም መልኩ ከ4000 ሚሊግራም ሳይበልጥ ይወሰዳል። ጉበቱ የተጎዳ፣ አልኮል የሚያዘወትር ወይም ክብደቱ በጣም ዝቅ ያለ ሰው ከዚህ ያነሰ ስለሚበቃው መጠየቅ አለበት። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል እንበል። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ባለቤቴ ከቢሮ ይዞት የመጣ በሙቅ ውኃ የሚበጠበጥ የጉንፋን ዱቄት ነበረው። ክኒኑን ውጦ ሲያበቃ ውኃ አፍልቶ ሊበጠብጥ ሲል ፓኬቱን ተቀብዬ ገለበጥኩት። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ይላል። «ይሄ እኮ ለአፍንጫ ነው» አለኝ። ለአፍንጫም ይሁን ለጆሮ፣ ከድምሩ አይቀነስም። የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል ደግሞ ጉበት ያበላሻል፤ ክፋቱ መጀመሪያ ላይ ሰውዬው ምንም ላይሰማው ይችላል።

አይቡፕሮፌንም ትኩሳት ያወርዳል። ግን ምግብ ቀምሶ ነው የሚወሰደው። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ውኃ አንሶት የደረቀ ሰው ሳይጠይቅ ባይነካው ይሻላል። ዴንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ባለበት አካባቢ ደግሞ አይቡፕሮፌንም አስፕሪንም ለደም መፍሰስ ስለሚያጋልጡ ፓራሲታሞል ብቻ ይመረጣል። አስፕሪን ለልጆችና ለአፍላ ወጣቶች በቫይረስ ትኩሳት ጊዜ አይሰጥም። ሬይ ሲንድረም የሚባል አንጎልንና ጉበትን የሚያጠቃ ብርቅ ግን ከባድ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ነው።

ማስታገሻ ስሙ ላይ እንዳለው ያስታግሳል። ቫይረሱን አይገድልም። 39.2 የነበረው 38.3 ከሆነና ሰውዬው ቀና ብሎ መጠጣት ከቻለ ሥራውን ሠርቷል። 37 ካልገባ ብሎ ሌላ መደረብ አያስፈልግም። የተኛን ሰው ለክኒን ብሎ መቀስቀስም አልወድም፤ እንቅልፉ ይበልጥበታል። ደግሞ በማስታገሻ ስለወረደ ብቻ ሕመሙ ቀላል ነው ማለት አይቻልም። የከባድ በሽታ ትኩሳትም በፓራሲታሞል ይወርዳል።

ወደምወደው ዓምድ ልምጣ። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ልብ በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ጨምሮ ይመታል። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ላብ ይወጣል፣ በዚህ ሁሉ ውኃ ይሄዳል። የታመመ ሰው ደግሞ አይጠማውም፣ ወይም ተነስቶ መቅዳት ይታክተዋል። ባለቤቴ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ አጠገቡ አስቀምጬለት ሄጄ ስመለስ እንዳለ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ትንሽ ስኒ ይዤ አጠገቡ መቀመጥ ጀመርኩ። ሁለት ጉንጭ። ትንሽ ወሬ። ሁለት ጉንጭ። ውኃ፣ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ ሻይ፣ የሚወርድለት ሁሉ ይሆናል። ምግቡን አላስጨንቀውም። መብላቱ ይደርሳል።

የጠጣው መብቃቱን የሚነግረኝ ሽንቱ ነው። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነን። ከጠቆረና ከተራራቀ እንጠጣ። እዚህ ላይ ነው ባለቤቴ የሚያምፀው። «ይሄንንም ልትጽፊው ነው?» አዎ፣ እጽፈዋለሁ። ማታ በብርሃን ተመልከት፣ «ጥቁር» ወይም «ነጣ ያለ» ብለህ ንገረኝ፣ አለቀ።

ልጄ ስትታመም ነገሩ ትንሽ ከበደ፤ ታስመልሳለች። ለዚህ የሚሆነው ኦአርኤስ የሚባለው በውኃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውኃ መጠን አንብቦ ልክ በልኩ መበጥበጥ ነው፤ አንዳንዱ ለአንድ ሊትር ነው፣ አንዳንዱ ላነሰ። ፓኬት ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ላይ እጅን ማብዛት አይገባም፤ ቀምሰው ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይደፋል። ካስመለሳት በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ታገስኩና በማንኪያ ጀመርኩ። አንድ ማንኪያ፣ ፋታ፣ አንድ ማንኪያ። እሷ «ማሚ በብርጭቆ ስጪኝ» ትላለች። በብርጭቆ የገባው እንደገባ ይመለሳል። በማንኪያ የገባው ቀረላት።

የልጅ መድኃኒት የሚሰላው በክብደት ነው። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። ችግሩ ሽሮፑ ነው። አንዱ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ይይዛል፣ ሌላው 250። ጠርሙሶቹ ደግሞ ይመሳሰላሉ። «ባለፈው አንድ ማንኪያ ሰጥቻት ነበር» የሚባለው ነገር ስለዚህ አያስተማምንም። ጽሑፉን ማንበብ፣ የወጥ ቤት ማንኪያ ትቶ አብሮት በሚመጣው መለኪያ ወይም በመርፌ አልባ ሲሪንጅ መስጠት ይሻላል። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ከደረሰ ግን ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ አንዳንድ ልጆች በትኩሳት ጊዜ ያንቀጠቅጣቸዋል። ሲታይ ነፍስ ያወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ራሱ ይቆማል። በጎን ማስተኛት፣ አፍ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ሰዓት መያዝ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ድንገተኛ ክፍል። የመጀመሪያው ከሆነ ቢቆምም መታየት አለበት።

በዚህ መሀል አማቴ ደወሉ።

«አንቲባዮቲክ አልገዛችሁለትም?»

«እማማ፣ ቫይረስ ነው የሚመስለው። አንቲባዮቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው።»

«እኔን ባለፈው አሽሎኝ የለ እንዴ?»

«እሱ ቢወስዱትም ባይወስዱትም ይሻልዎት ነበር፣ እማማ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ፣ ውኃ አጠጪው» አሉኝና ዘጉት። እማማን የምወደው ለዚህ ነው። የጉንፋን ዓይነት ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ በራሱ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን የተዋጠ ክኒን ምስጋናውን ወስዶ ይቀራል። ሰውነት ግን ያለ ጥቅም ተቅማጥ ሊገጥመው ይችላል፣ ባክቴሪያዎቹም መድኃኒቱን ይለማመዱታል። ለኢንፍሉዌንዛ የራሱ የፀረ ቫይረስ መድኃኒት አለ፤ የሚጠቅመው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሲጀመር ነው። አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቀን ሳይቆጥር ሐኪም ቢያማክር ይሻላል።

«ቫይረስ ነው የሚመስለው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በዓይን አይታወቅም። ወባ ያለበት አካባቢ የሚኖር ወይም በቅርቡ ከዚያ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው የደም ምርመራ በዚያው ቀን ነው። ወባ መጀመሪያ ላይ ከጉንፋን አይለይም፣ ፋታም አይሰጥም።

ከእነዚህ አንዱን ካየሁ ደብተሬን ዘግቼ ነው የምነሳው። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው። ከተደናገረ፣ የማይገናኝ ነገር ካወራ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ። አንገቱ ደርቆ አገጩን ወደ ደረቱ ማጠፍ ካቃተው። ቆዳው ላይ የወጣው ሽፍታ ብርጭቆ ተጭነውበት ካልጠፋ፤ ይህ የማጅራት ገትር ወይም የደም መመረዝ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከአፍንጫ ወይም ከድድ ከደማ። የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ቀኑን ሙሉ ካልሸና። ከሦስት ቀን በላይ ካተኮሰው፣ ወይም ሙቀቱ 40 ከደረሰ። መደናገሩን ለማወቅ ነው ሰውዬውን ቶሎ ቶሎ የማናግረው። ባለቤቴን ሌሊት ቀስቅሼ «የት ነው ያለኸው?» ስለው «ኦዲት ቢሮ» አለኝ። መቀለድ ከቻለማ ደህና ነው ማለት ነው፤ ተመለስኩና ተኛሁ።

መስኮት ከፍተናል፣ ስኒና ፎጣ ለይተናል፣ እጅ በሳሙና ታጥበናል። አልቀረልኝም። ኢንፍሉዌንዛን የመሰለ ቫይረስ ምልክቱ ሳይታይ አንድ ቀን ቀድሞ መተላለፍ ስለሚጀምር ሁሌም ይቀድመናል።

እኔ ስተኛ ደብተሩን ባለቤቴ ተረከበ። ሰዓት፦ «ማታ»። ሙቀት፦ «አላት»። የጠጣችው፦ «ብዙ»። ሽንት፦ «እኔ እንጃ»። እንዲህ ያለ መዝገብ ይዞ የመጣ ሰው ቢሮዬ ቢገባ አባርረዋለሁ። መድኃኒት ዓምድ ላይ ግን ሰዓቱን በደቂቃ ጽፎታል፤ የዱቄቱ ነገር ገብቶታል። ሊነጋጋ ሲል ላብ አጠመቀኝ። አንሶላው፣ ትራሱ፣ ፀጉሬ ሁሉ ራሰ። እሱ ደንግጦ ተነሳ፤ እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። መቆጣጠሪያው ልኩን መልሶታል። ደረቅ ልብስ ለበስኩ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ተኛሁ።

ሰው የሚሸወደው ከዚህ በኋላ ያለው ላይ ነው። ትኩሳቱ ይለቅና ጠዋት ጭንቅላት ቀለል ይላል፣ ምግብ ያምራል፣ «ዳንኩ» ይባላል። ከአልጋ ስወርድ ግን ጉልበቴ ተብረከረከ። ዝም ብሎ መተኛት ራሱ ጡንቻ ያላላል፤ የጎደለው ውኃም ገና አልተመለሰም። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ትንሽ ቆይቼ ነው የምቆመው። ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ደክሞኝ እንደገና ተኛሁ። ቁጭ ብዬ ኢሜይል ሳነብ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነባለሁ። እንዲህ ዓይነት ድካም ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢቆይ የተለመደ ነው፣ አንዳንድ ሰው ላይም ይረዝማል። የሠራሁበትን ያህል አርፋለሁ። ደህና በሆንኩበት ቀን የተጠራቀመውን ሁሉ ልጨርስ ካልኩ በማግሥቱ አልጋ ላይ ነኝ።

ሥራ የተመለስኩት ያለ ማስታገሻ 24 ሰዓት ሙሉ ካላተኮሰኝ በኋላ ነው። «ያለ ማስታገሻ» የሚለው ይሰመርበት። ክኒን ውጦ 37 ሆኖ ቢሮ መምጣት ለባልደረባ ማዳረስ ነው። አለቃዬ ግማሽ ቀን እንድሠራ ፈቀደልኝ፤ ባይፈቅድም ከግማሽ ቀን በላይ የሚሠራ ጭንቅላት አልነበረኝም።

ባለቤቴ ደግሞ ትኩሳቱ በለቀቀው ሰሞን የሩጫ ጫማውን ሲያስር ያዝኩት። ተጨቃጨቅን። ቫይረስ አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻን ያስቆጣል፤ በዚያ ላይ ጠንካራ ስፖርት አደጋ ነው። መጀመሪያ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ረዘም ያለ የእግር ጉዞ። ደረቱን ካልወጋው፣ ልቡ ያለ ምክንያት ካልደለቀ፣ ትንፋሹ ካላጠረ ቀስ እያለ ይጨምራል። አሁን ከልጃችን ጋር እየተራመደ ነው፤ እሷ ትቀድመዋለች።

አንድ ነገር ብቻ እየጠበቅኩ ነው። ተሽሎት የነበረ ሰው ከቀናት በኋላ እንደገና ቢያተኩሰውና ሳሉ ቢብስበት በቫይረሱ ላይ የሳንባ ምች ተደርቦ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አንቲባዮቲክም ቦታው ነው። እኔ አላተኮሰኝም፣ ሳሉ ግን አለ። ማታ ማታ ይነሳብኛል። አንድ ማንኪያ ማር እውጣለሁ፣ ትራስ እደርባለሁ፤ ይቀንስልኛል። (ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።) ከቫይረስ በኋላ ሳል ሦስት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ሳንባዬን ላሳይ እሄዳለሁ።